ያልታተመችው ፎቶግራፍ

«ስለ እናትህ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፍ» ብለን የምናዝዝ የአማርኛ መምህራን የምንቀበለውን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። እናት ዘጠኝ ወር ተሸክማለች፤ ጡት አጥብታለች፤ ውለታዋ ተቆጥሮ አያልቅም። አርባ ደብተር ስናርም አርባ ጊዜ አንዲቱኑ እናት እናገኛታለን። ይህ የሚሆነው ተማሪው እናቱን ስለማይወድ አይደለም፤ ፍቅሩን የሚያሳርፍበት ተጨባጭ ነገር ስለሚያጣ ነው። በዚህ ረገድ ሮላን ባርት «ላ ሻምብር ክሌር» በሚል ርእስ በ1980 ያሳተመው መጽሐፍ ለመምህርም ለተማሪም የሚበጅ ቁም ነገር አለው ብለን ስለምናምን ጥቂት ልንልበት ፈለግን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርት ፈረንሳዊ ሐያሲ ነበር። ገና ዓመት ሳይሞላው አባቱ በ1916 በባሕር ላይ ውጊያ ስለሞተ ያደገው በእናቱ እጅ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውንም ከእሷ ጋር ኖረ። በ1977 እናቱ ስታርፍ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች አውጥቶ በመብራት ሥር አንድ በአንድ ይመለከት ጀመር። በብዙዎቹ ላይ የግንባሯን ቅርጽ ወይም የእጇን አጣጣል ይለያል እንጂ እሷን አያገኛትም። በመጨረሻ ያገኛት እሱ ፈጽሞ ባላያት ዕድሜ በተነሣችው ፎቶግራፍ ነው። ጊዜው 1898 ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከሰባት ዓመት ወንድሟ ጋር በመስታወት በተሸፈነ የአትክልት ቤት ውስጥ ከአንዲት ትንሽ የእንጨት ድልድይ ጫፍ ቆማለች። የካርቶኑ ማዕዘኖች በአልበም ተለጥፎ በመኖሩ ደንዘዋል፤ ቀለሙ ወይቧል። ልጅቷ፣ ልጆች እንደሚያደርጉት፣ በአንድ እጇ የሌላውን እጇን ጣት ይዛለች።

ባርት የእናቱን የዕድሜ ልክ ደግነት ያየው በዚህች ሕፃን ላይ ነው። አብራው በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንድም ጊዜ እንዳልወቀሰችው ይነግረናል። በመጨረሻ ሕመሟም ሲያስታምማት እንደ ገዛ ልጁ ሆናበት ስለ ነበር፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ልጅ እንግዳ አልሆነችበትም።

በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ሥዕሎች ታትመዋል። ይህች ግን አልታተመችም። ለእሱ ቁስል የሆነችው ፎቶግራፍ ለእኛ እንደ ማናቸውም ያረጀች ፎቶግራፍ ናትና። ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን። ብትታተም ኖሮ ዐይናችንን ጣል አድርገን ባለፍናት ነበር፤ ስለ ተከለከልን ግን ደራሲው በቃላት ብቻ ሊያመጣት ተገዷል፤ እኛም በቃላቱ ውስጥ እንፈልጋታለን።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም አንልም። የመጀመሪያው ክፍል ማንኛውም የተማረ ሰው ለአንድ ፎቶግራፍ የሚኖረውን ጥቅል ትኩረትና ተመልካቹን የምትወጋውን አንዲት ቅንጣት ለመለየት ከላቲን ስያሜ እየተዋሰ ይደክማል። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ለክፍል ግን «ወጊዋ ነገር» ብንላት ይበቃል።

ይልቁንም መምህራን ልብ እንዲሉት የምንሻው ባርት ራሱ የተሳሳተበትን ቦታ ነው። ካተማቸው ሥዕሎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ቫን ደር ዚ በ1926 ያነሣው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ነው። ባርት በመጀመሪያ የወጋው የአንዲቱ ሴት ባለማሰሪያ ጫማ እንደ ሆነ ይጽፋል። ጥቂት ገጾች አልፎ፣ ሥዕሉ ከፊቱ ሳይኖር ሲያስበው፣ ጫማው ሳይሆን የአንገቷ ሐብል መሆኑን ይናገራል፤ ቀጭን፣ የተጎነጎነ የወርቅ ሐብል። ሳታገባ ከእናቷ ጋር የኖረች አክስቱ እንዲህ ያለውን ታጠልቅ ነበር፤ ከሞተች በኋላም በቤተሰቡ የጌጥ ሣጥን ተቆልፎ ቀርቷል። ሥዕሉን አስተውለው ያዩ ሐያስያን ግን ሴቲቱ ያጠለቀችው ዕንቁ እንጂ ወርቅ አለመሆኑን አሳይተዋል።

እንደ ገለጻ ቢታረም ቀይ መስመር ይገባዋል። እንደ ድርሰት ግን ከመጽሐፉ ሕያው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የማያውቃትን ሴት ሲመለከት ልቡ ወደ አክስቱ ሣጥን ሄዷልና። ተማሪው በመጀመሪያ ያለውን ብቻ እንዲጽፍ፣ ቀጥሎ ልቡ የሄደበትን እንዲጽፍ፣ ሁለቱንም እንዳያደባልቅ ብናስለምደው ብዙ የምናተርፍ ይመስለናል።

በየቤታችን ያለው ፎቶግራፍ ለዚህ አያንስም። ከበስተኋላ በቀለም የተሳለ ሐይቅ፣ በጎን የፕላስቲክ አበባ፣ በጀርባው «ለማስታወሻ» የሚል የእጅ ጽሑፍ። እጅጌው የረዘመው ኮት የማን ነበር? ከዳር በኩል በመቀስ የተቆረጠው ሰው ማን ነው? ለምን ተቆረጠ? እዚህ ላይ ግን መምህሩ ይጠንቀቅ። «ፎቶግራፉን አምጡና ለክፍሉ አሳዩ» የሚል ትእዛዝ ተገቢ አይደለም። ባርት የነፈገንን ተማሪውም ሊነፍገን መብት አለው።

ከእናቱ መታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ በስተቀር ምንም የሌለው፣ ወይም ከቤቱ ተፈናቅሎ እሱንም ያጣ ተማሪስ? ለዚህ ጥያቄ የባርት መጽሐፍ መልስ የለውም። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» (2019) የተባለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልቦለድ ግን ይረዳናል። ደራሲዋ በ1935 የተጀመረውን የፋሺስት ወረራ ስታጠና የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እዚያው ጣሊያን አገር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሳይቀር ሰበሰበች። በልቦለዷም የተማረኩት ሂሩትና አስቴር ለማዋረድ ሲባል ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በጠላት ዐይን የተነሣችን ስሟ ያልተጻፈ ሴት የአንድ ሰው አያት ትሆናለች ብሎ መመልከት ከቤት አልበም ያላነሰ ፍቅር ይጠይቃል፤ «ፎቶግራፍ» የሚል ርእስ የተሰጣቸው አጫጭር ምዕራፎችም በእኛ ግምት ከመጽሐፉ የተሻሉት ናቸው።

የደራሲዋ ቅድመ አያት ገና በልጅነታቸው የአባታቸው ጠመንጃ ለእኔ ይገባኛል ብለው ተሟግተው፣ ተረክበው ዘምተዋል። ደራሲዋ ይህን ያወቀችው ከፎቶግራፍ አይደለም፤ ልቦለዱን ለዓመታት ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ከእናቷ አፍ ሰምታ ነው።