«ኅትመት» ወይስ «ማነባበር»?

በእንግሊዝኛ «ስሪ ዲ ፕሪንቲንግ» የሚባለውን የአሠራር ዘዴ ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች «ባለ ሦስት ገጽታ ኅትመት» እያሉ ይጠሩታል። ስያሜው ተለምዷል፤ ይሁን እንጂ ልማድ ብቻውን የሙያ ቃልን አያጸድቅምና ልንመረምረው ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው ስለ ድንቅነሽ አሟሟት ጥናት ባወጡ ጊዜ፣ በብሔራዊ ሙዚየማችን ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ቅርጽ በኮምፒውተር ፋይል ለሕዝብ ተለቀቀ፤ የፈለገ ሁሉ በፕላስቲክ እንዲያሠራው። ይህን «የድንቅነሽ አጥንት ታተመ» ብለን ብንጽፍ አንባቢ የሚረዳው በመጽሐፍ ገጽ ላይ የወጣ ሥዕልን እንጂ በእጅ የሚጨበጥ አጥንትን አይደለም። «አተመ» ከግእዙ «ኀተመ» የመጣ ነው፤ ጥንተ ፍችውም ማሸግ፣ ማኅተም ማሳረፍ ነው። ስለሆነም አስቀድሞ ያለ ገጽን ይሻል፤ ሰምን፣ ጨርቅን ወይም ወረቀትን። ይህ መሣሪያ ግን አካሉን ራሱን ያስገኛል።

የእንግሊዝኛው ስም ራሱ በውሰት የሰፋ ነው። ስኮት ክረምፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ቀልጦ የሚፈስ የፕላስቲክ ክር የሚደርበውን ዘዴ ለፈጠራ መብት ሲያቀርቡ «ፕሪንቲንግ» አላሉትም። ስሙ የመጣው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተፈለሰፈው ሌላ ዘዴ ነው፤ በዚያ ዘዴ እንደ ቀለም ማተሚያ ያለ አፍ በዱቄት ላይ ማጣበቂያ ይረጫልና ስሙ ይስማማው ነበር። የእኛ ተርጓሚዎች እንግዲህ ቃሉን ተረጎሙ እንጂ ሥራውን አላዩም።

«ቅረጻ» ቢባልስ? የሚል ይኖራል። እኚሁ ካፕልማን የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በመተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ትናንሽ የድንጋይ ጫፎች መገኘታቸውን ገልጧል፤ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ እንደማይቀሩም ይገመታል። የሽንፋው ባለሙያ ድንጋዩን እየፈለጠና እየቀነሰ ቅርጽ አወጣ፤ ይህ በእውነት ቅረጻ ነው። መሣሪያው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ወደ መሶብ ሰፊዋ እንመልከት። ሣሩን በአለላ እየጠቀለለች ዙርን በዙር ላይ በወስፌ ትሰፋለች፤ መሶቡ ከታች ወደ ላይ ያድጋል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። መሶብ ሲያረጅ የሚላቀቀው በዙርና በዙር መካከል እንደሆነ እርሷ ታውቃለች፤ በዚህ ዘዴ የተሠራ ዕቃም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በዚያው ነው። ከሽንፋ የሰሊጥ እርሻ የአንድ ፓምፕ ክፍል ተሰብሮ ምትኩ በዚህ መሣሪያ ቢሠራ፣ ዙሩ በየት በኩል መዋል እንዳለበት ሠሪው ካላሰበ ዕቃው በመጀመሪያው ጫና ይለያያል። «ኅትመት» የሚለው ቃል ይህን ድካም ይሸፍነዋል። እኛ «ማነባበር»፣ ለመሣሪያውም «አነባባሪ» እንዲባል እንሻለን፤ አነባበሮን ለሚያውቅ ቤተሰብ ቃሉ ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለተኛው ስሕተት በፕላስቲክ ውስጥ የካርቦን ወይም የመስተዋት ቃጫ የገባበትን ቁስ «ውሕድ» ማለት ነው። ውሕድ በኬሚስትሪ ባሕርዩን ለውጦ አንድ የሆነ ነው፤ «ቅይጥ» ደግሞ ለብረታ ብረት ተይዟል። እዚህ ግን ቃጫው ቃጫ፣ ፕላስቲኩም ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል፤ በምርጊት ጭቃ ውስጥ ጭድ ጭድ ሆኖ እንደሚቀር። «ጥምር ቁስ» ይሻላል። የቃጫው አቅጣጫም ከቆላው ሽመል ይታያል፤ ሽመል በቁመቱ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ በአግድሙ ግን ለመስበር ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ያልተቆራረጠ ቃጫን ከፕላስቲኩ ጋር የሚዘረጉ አነባባሪዎች ለገበያ ስለቀረቡ፣ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

«ፖሊመር» እንዳለ ይቆይ፤ የሚተካው ቃል ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ሙቀት ግን አንድ ነገር እንጨምር። «መቅለጫ ነጥብ» የሚለውን ብቻ የያዘ መመሪያ ያሳስታል። ፒ.ኤል.ኤ. የሚባለው የታወቀ ፕላስቲክ የሚቀልጠው ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ የሚለሰልሰው ግን በ60 ገደማ ነው። በመተማ ቆላ፣ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በበጋ ወራት፣ በፀሐይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ የተተወ ዕቃ ሳይቀልጥ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ «መለስለሻ ነጥብ» የሚለው ለብቻው ተመዝግቦ ፍች ይሰጠው።