ሕፃኑ ለማሽን የነገረው

እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 28 ልጆችን አንድ በአንድ ከሮቦት ፊት አስቀመጡ። ናኦ የተባለው ይህ ሮቦት ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ልጆቹን ስለ ደስታቸውና ስለ ኀዘናቸው ይጠይቃል። ወላጆችና ተመራማሪዎች ደግሞ በጎን ካለው ክፍል ሆነው ይከታተላሉ። ውስጣቸው የተጎዳ ልጆች ለሮቦቱ የተናገሩት፣ በመጠይቅ ላይ ራሳቸው ካሰፈሩትም ሆነ ወላጆቻቸው ስለ እነርሱ ከመሰከሩት የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የሰማ ሁሉ ማሽኑን አደነቀ። ለመሆኑ ልጁ ለእናቱ ያልነገረውን ለፕላስቲክ የነገረው ለምንድን ነው? ፕላስቲክ አይቆጣም፣ አይደነግጥም፣ ነገሩን ለጎረቤት አያወጣም፤ ልጁ ተናግሮ ሳይጨርስም «ተው እባክህ!» አይለውም። እነዚህ አራቱም ከማሽን ጥበብ የሚቆጠሩ አይደሉም። ማንኛውም አባት ዛሬ ማታ ሊያደርጋቸው ይችላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የአነስን ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን፣ ይጫወትባት የነበረችው ትንሽ ወፍ በሞተችበት ጊዜ አዝኖ ቢያዩት፣ ስለ ወፊቱ ጠየቁት። የስንት ሕዝብ ጉዳይ በእጃቸው እያለ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጭላሎ ግርጌ ባለችው አሰላም ሆነ ከእርሷ ወዲያ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ዝምተኛ ልጅ ይመሰገናል። እንግዳ ሲመጣ ጥጉን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይባላል፤ ፈርቶ ይሁን ከፍቶት የሚጠይቀው የለም። በሦስት ዓመቱ አፉን ያልፈታውን ደግሞ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያልን እናልፈዋለን። አምስት ሲሞላው ነገሩ ይገለበጥና «ጂን ነክቶታል» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ልጁን ከሰው ዓይን መሰወር ይጀመራል። ቁርኣን ይቀራለት፤ ነገር ግን ቁርኣን እየተቀራለት ሐኪም እንዳያየው ማን ከለከለ?

እንዲህ ላለው ልጅ ሮቦት ይበጀዋልን? የአርሲ ሰው ስለ ማሽን መምጣት የሚያውቀው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርቱም በእውነት ጨመረ። ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ግን በትራክተር ራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ ስንቱ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ከመሬቱ ተነቀለ። ትራክተሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥያቄው ሲገባ ማንን እንደሚያስወጣ ነው። ስለ ሮቦቱም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሁሉንም በአንድ ላይ አልነቅፍም። በእንግሊዝ የሃርትፎርድሽር ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ካስፐር የተባለ ሮቦት አለ። ፊቱ ሆን ተብሎ ቀለል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የሰው ፊት ብዙ ነገር የሚናገር በመሆኑ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ያደናግረዋልና። መምህሩ አብሮ ይቀመጣል፤ ልጁ በካስፐር የተለማመደውን ወደ ሰው እንዲያሻግር ይረዳዋል። እዚህ ማንም ከቦታው አልተነሣም። (የምስልን ነገር ለምትጠይቁኝ፦ ዑለሞች የዓኢሻን (ረ.ዐ.) አሻንጉሊቶች አንስተው የልጆችን መጫወቻ ለብቻው አይተውታል፤ እርሱን ለእነርሱ እተዋለሁ።)

ሞክሲ ግን ሌላ ነው። ኤምቦዲድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ ስሜታቸውን መግለጽ እንዲያስተምራቸው ብሎ በ799 ዶላር የሸጠው ጓደኛ ነው። በእንግሊዝኛ ይጫወታል፣ የልጁን ስም ይጠራል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። የሞክሲ አእምሮ ያለው በልጁ ክፍል ሳይሆን በኢንተርኔት በኩል በሩቅ ኮምፒዩተር ስለ ነበር፣ ኩባንያው ሲዘጋ ሞክሲም ዝም ሊል ሆነ። ወላጆችም ጓደኛው ለምን እንደሚጠፋ ለልጃቸው የማስረዳት ዕዳ ወደቀባቸው። በኋላ ባለቤቶቹ በራሳቸው ኮምፒዩተር እንዲያስቀጥሉት መንገድ መከፈቱን አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም የሕፃንን ልብ በአንድ ነጋዴ የባንክ ሒሳብ ላይ ማንጠልጠል ምን ይባላል? ሰው ልጁን አማና ብሎ ከተቀበለ በኋላ ምስጢር የሚያወራለትን ወዳጅ እንዲህ ይመርጥለታልን?

በአገራችንም ሮቦት ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሶፊያ አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ከፊል አካሏ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ መዘግየቷን ታስታውሱ ይሆናል። በሶፍትዌሯ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ ስላለበት ደስ ብሎናል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በዚያችው ከተማ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን፣ በፊደላችን ድምፆች ልጆችን የሚያናግር ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ለእኔ ይህ ከሶፊያ የሚበልጥ ፈጠራ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። አንድ የሚቀረው ነገር አለ፦ የአርሲ ልጅ በቤቱ የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። ለእርሱ በእናቱ ቋንቋ ድምፅ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራለት ያስፈልገዋል። ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶቻችን የውጭ ሮቦት ፊት ከማሳመር ይልቅ እዚህ ላይ ቢደክሙ ምንኛ በወደድሁ!

እስከዚያው ወላጅን ማሠልጠን ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ትምህርቱ በጨዋታና በዕለት ተዕለት የቤት ሥራ የተመሠረተ ነው፤ ልብስ ሲታጠፍ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ ልጁ የሚያየውን እያዩ አብሮ መናገር።

ስለዚህ ልጃችሁ ስሙ ሲጠራ ዞሮ የማያይ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር ከሆነ አምስት ዓመቱን አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ጂን ነክቶታል የተባለ ልጅ ችግሩ አለመስማት ብቻ ሊሆን ይችላልና። ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም አሰላ ወዳለው ሆስፒታል መሄጃውን ታሳያችኋለች። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ልጁን ተከታትላችሁ ምን ሲያይ እንደሚስቅ፣ ምን ሲሰማ እንደሚሸሽ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ ደብተር ላይ ጻፉ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።