የኩሽ እጆች፦ በመዝሙር 68፥31 የተለወጠው ግስ

ካርቱም ውስጥ በአማርኛ የሚጸልይ ኢትዮጵያዊ ስደተኛና በዐረብኛ የሚጸልይ ሱዳናዊ ክርስቲያን መዝሙር 68፥31ን ጎን ለጎን ገልጠው ቢያነቡ፣ የሚያገኙት ዐረፍተ ነገር አንድ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ኢትዮጵያ፣ ግሡም «ትዘረጋለች» ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀውና በቫን ዳይክ ስም በሚታወቀው የዐረብኛ ትርጉም ባለቤቱ ኩሽ፣ ግሡም «ቱስሪዕ»፣ ማለትም «ትፈጥናለች» ነው። ስለዚህ ጥቅስ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ላይ ይቆማል፤ «የተነገረው ለማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለ ግሡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጥቅሱን የጥንት መልእክት ከአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሸፈነው ግን የግሡ መለወጥ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በዕብራይስጡ፣ በዚያም ቁጥሩ 68፥32 ነው፣ የተጻፈው «ኩሽ» ነው። ቃሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ በዐባይ ሸለቆ፣ በዛሬይቱ ሱዳን፣ መናገሻውን በየዘመኑ በከርማ፣ በናፓታና በመርዌ ያደረገውን መንግሥት ያመለክታል። ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የመርዌ ፒራሚዶች የዚሁ መንግሥት ቅርስ ናቸው። በ2ኛ ነገሥት 19፥9 የተጠቀሰው ቲርሐቅ፣ የታሪክ ሊቃውንት ታሃርቃ የሚሉት፣ ኩሽንም ግብፅንም የገዛ ፈርዖን ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት 10፥6 የካምን ልጅ «ኩሽ» ይለዋል፤ አገሪቱንና ንጉሧን ሲጠራ ግን «ኢትዮጵያ» ይላል። በመሆኑም አንባቢው በሁለቱም ስፍራ ያለው የዕብራይስጥ ቃል አንድ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ አሠራር ከአማርኛ ተርጓሚዎች አልጀመረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተዘጋጀው የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ኩሽን በሰው ስምነቱ እንዳለ ሲጽፈው፣ በአገር ስምነቱ ግን «አይቲዮጵያ» ብሎታል። በዚያ ዘመን ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን ግን ስሙ ሌላ ስፍራም ደርሶ ነበር። ንጉሥ ዔዛና በአክሱም ባስቀረጸው ባለ ሦስት ጽሑፍ ሐውልት፣ በግዕዙ «ሐበሠት» የተባለው በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ተብሏል፤ በዚያው የማዕርግ ዝርዝር «ካሱ»፣ ማለትም ኩሽ፣ ራሱን ችሎ ተጠርቷል። የአክሱም ቤተ መንግሥት ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። መዝሙረ ዳዊት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ግን በጥቅሱ ውስጥ የቀረው «ኢትዮጵያ» ብቻ ስለ ነበረ፣ አንባቢው የገዛ ስሙን አገኘ። «ስሙ ከሱዳን ተሰረቀ» የሚለው ክስም ሆነ «ከመጀመሪያው ለእኛ የተነገረ ነው» የሚለው መልስ ይህን ረጅም ጉዞ ያሳጥሩታል።

ወደ ግሡ ስንመለስ፣ የዕብራይስጡ ቃል «ታሪጽ» ነው። ሥሩ «ሩጽ» ከግዕዙ «ሮጸ» እና ከአማርኛው «ሮጠ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ አመሉም አስደራጊ ስለ ሆነ ቃል በቃል «ታስሮጣለች» ማለት ነው። ይኸው አመል በሌላ ስፍራ ምን እንደሚሠራ መመልከት ይጠቅማል። በ1ኛ ሳሙኤል 17፥17 እሴይ ዳዊትን የተጠበሰ እሸትና ዐሥር እንጀራ ወደ ጦር ሰፈር ፈጥኖ እንዲያደርስ ያዘዋል፤ በ2ኛ ዜና መዋዕል 35፥13 ሌዋውያን የፋሲካውን ሥጋ ለሕዝቡ በፍጥነት ያደርሳሉ። በሁለቱም አንድ ነገር ተይዞ ይኬዳል፤ መድረሻም አለው። ለጸሎት እጅን መዘርጋት በዕብራይስጥ የተለየ ግስ አለው፤ እርሱም «ፓራስ» ነው። ሰሎሞን በ1ኛ ነገሥት 8፥22 በመሠዊያው ፊት ሲጸልይ፣ የመዝሙር 143፥6 ባለቤትም ሲለምን ይህ ግስ ተመርጧል። በመዝሙር 68 ግን አልተመረጠም።

የመዝሙሩ አካሄድም ይህንኑ ይደግፋል። መዝሙሩ እግዚአብሔር ከሲና ወደ መቅደሱ በድል የሚሄድበት የሰልፍ መዝሙር ነው። ቁጥር 29 ነገሥታት ስጦታ ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚመጡ ይናገራል፤ ቁጥር 31 ግብፅንና ኩሽን ከእነርሱ ጋር ያሰልፋል፤ ቁጥር 32 የምድርን መንግሥታት ሁሉ ለዝማሬ ይጠራል። በዚህ ሰልፍ መካከል የኩሽ እጆች ባዶ አይደሉም። ኃያል የሆነ የሩቅ መንግሥት ግብሩን ይዞ ለመድረስ ይቸኩላል።

የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ይህን ፍጥነት በየአቅማቸው ጠብቀውታል። ግሪክኛው «ፕሮፍታሴይ» ሲል «ቀድማ ትደርሳለች» የሚል አሳብ ይሰጣል። ግዕዙ «ታበጽሕ» ይላል፤ ይህም «በጽሐ»፣ ማለትም «ደረሰ»፣ ከሚለው ግስ የወጣ አስደራጊ ሲሆን ትርጉሙ «ታደርሳለች» ነው። በቁጥሩ መጀመሪያ ከግብፅ የሚመጡትንም «ተናብልት»፣ መልእክተኞች፣ ይላቸዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ታበጽሕ» ያለ ችግር የመልእክትና የእጅ መንሻ ቋንቋ ሆኖ ይነበባል። ለጸሎቱ መዘርጋት ደግሞ ግዕዝ «ሰፍሐ» የሚል የራሱ ግስ አለው፤ በ143፥6 (በግዕዙ 142) የምናገኘው እርሱን ነው። አማርኛው በሁለቱም ስፍራ «ዘረጋ» ብሏል። ዕብራይስጥም ግዕዝም ሁለት አድርገው የያዙት ልዩነት በአማርኛ አንድ ሆነ።

የዚህ መዋሐድ ዋጋ ቀላል አልነበረም። በአማርኛ «እጁን ዘረጋ» ሲባል ጸሎትም ልመናም ይታሰባል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ «የተዘረጋ እጅ» የሚለው ምስል ከእርዳታ እህል ጋር ተያይዞ ቀረ፤ ጥቅሱም በአንዱ አፍ የኩራት፣ በሌላው አፍ የምጸት ቃል ሆነ። ኩራቱም ምጸቱም የተመሠረቱት በአንድ የአማርኛ ግስ ላይ ነው። ጥቅሱ በእንግሊዝኛም የራሱን ታሪክ ሠርቷል፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲሁ የመዘርጋትን ግስ ቢጠቀምም «ፈጥና» የሚል ቃል አክሎበታል። በ1892 እ.ኤ.አ. ማንጌና ሞኮኔ በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን»ን ሲመሠርቱ በስሙ የተረዱት መላውን የጥቁር ሕዝብ ነበር።

አንድ ተቃውሞ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። የእጆቹ አቅጣጫ «ወደ እግዚአብሔር» ስለ ሆነ፣ ጸሎት ማለቱ ከጽሑፉ ጋር አይጋጭም ሊባል ይችላል። ለዘመናት በዜማና በጸሎት የኖረ ንባብም በሰዋስው ብቻ አይሻርም። ነገር ግን ጸሎት የሚለው ፍቺ ከግሡ የመጣ ሳይሆን ከአቅጣጫው የተገመተ ነው፤ ግምቱም ቁጥር 29ን መዝለል ይጠይቃል። ሌላው መታየት ያለበት የጾታ ስምምነት ነው። በዕብራይስጡ ግሡ አንስታይ፣ «እጆቹ» የሚለው አገናዛቢ ግን ተባዕታይ ነው፤ ኩሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አገርም ሕዝብም ሆኖ የቀረበ ይመስላል። ግዕዝና አማርኛ ሁለቱንም በአንስታይ ጾታ ሲያስማሙ ምስሉ ወደ አንዲት እናት አገር ጠበበ።

መፍትሔው ከአማርኛ ውጭ መፈለግ የለበትም። ቋንቋው «እጅ መንሻ» የሚል ቃል አለው፤ የማቴዎስ 2፥11 አማርኛም ለሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የተጠቀመው በዚህ ቃል ነው። እጅና ስጦታ በአንድ ቃል የተገናኙበት ቋንቋ ለመዝሙር 68፥31 የሚመጥን ቃል አያጣም። የለመደው ንባብ በቦታው ይቆይ ቢባል እንኳ፣ የግርጌ ማስታወሻ ሁለት ነገሮችን ሊይዝ ይገባል፦ የዕብራይስጡ ስም «ኩሽ» መሆኑንና ግሡ «እጅ መንሻዋን ይዛ ትቸኩላለች» ወደሚል ፍቺ እንደሚያዘነብል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ሱዳናውያንንም ኢትዮጵያውያን ስደተኞችንም ከከተማይቱ አፈናቅሏል፤ የኩሽን ቅርስ የሚጠብቀው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም ተዘርፏል። በዚህ ጊዜ «ጥቅሱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም ወገን የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በትክክል የተነበበው ግስ ግን ሁለቱም ሊካፈሉት የሚችሉት ነገር አለው፤ የዚህ የዐባይ ሸለቆ ሕዝብ በመዝሙሩ የሚታየው የሚሰጠውን ይዞ ሲቸኩል ነው።