ርካሽ የተባለው ኩሬ፤ በፕላስቲክ ስለሚለበጡ የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያዎች የቀረበ ሂስ

የዝናብን ውሃ አቁሮ ለበጋ ማቆየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአክሱም ማይ ሹም፥ የኮንሶ ሃርዳ፥ የሶማሌ ቢርካ ይህንኑ ይመሰክራሉ። አዲስ የሆነው ፕላስቲኩ ነው። ድንጋይ ሳይጠረብና ሲሚንቶ ሳይቦካ፥ ጉድጓድ ቆፍሮ በፕላስቲክ በማልበስ ብቻ ውሃ መያዝ ይቻላል ከተባለ ወዲህ የብዙ ሰው ተስፋ በዚህ ላይ ሆነ። በ1995 ዓ. ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በጊዜው ደቡብ ይባል በነበረው ክልል በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከነዚህም አያሌዎቹ በፕላስቲክ የተለበጡ ናቸው። ዳሩ ግን ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ብዙዎቹ ደርቀው ቀሩ፤ ፕላስቲኩም ከጉድጓዱ ወጥቶ የድርቆሽ መሸፈኛና የእህል ማስጫ ሆነ።

ለዚህ ውድቀት ሁለት ምክንያት ሲሰጥ እንሰማለን። አንዳንዶቹ ገበሬው አልተንከባከበውም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ፕላስቲክ ለአፈር ጉድጓድ አይሆንም ይላሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ድርቆሹን በፕላስቲክ የሸፈነ ገበሬ ስለ ፕላስቲኩ ቸልተኛ አይደለም፤ ከጉድጓዱ ይልቅ ለድርቆሹ የበለጠ እንደሚጠቅም አስልቶ ያደረገው ነው። ስሕተቱ የሚገኘው ኩሬውን ርካሽ ባሰኘው ሒሳብ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን፤ ይህንንም በቁጥር ለማስረዳት እንሞክራለን።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎኖቹ እንዳይናዱ አፉ ሰፊ፥ ወለሉ ጠባብ ሆኖ ጉድጓድ ይቆፈራል። ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ ተለቅሞ ጎኑ ይደለደላል፤ ፕላስቲኩ ይነጠፋል፤ ጠርዙም ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይቀበራል። ጎርፉ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት ደለሉን ጥሎ እንዲያልፍ ከመግቢያው ላይ ትንሽ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይሠራል።

እንግዲህ አፉ 10 ሜትር በ10 ሜትር፥ ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፥ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። የሚይዘው ውሃ 156 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቢቆፍር 78 የሥራ ቀን ይፈጃል። የሚያስፈልገውም ፕላስቲክ፥ ጠርዙ ላይ የሚቀበረው ሲጨመር፥ 14 ሜትር በ14 ሜትር፥ ማለት 196 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በተለመደው ሒሳብ ዋጋ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ 78ቱ ቀን ግን የገበሬው ድርሻ ተብሎ ይታለፋል። ጉልበት የማይቆጠርበት ሒሳብ ሁሉንም ነገር ርካሽ ያደርጋል።

ከዚህ የከፋው ግን ከተሞላ በኋላ የሚሆነው ነው። ኩሬው በመስከረም መጨረሻ ሙሉ ነበር እንበል። ከተገለጠው ውሃ በፀሐይና በነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፥ በ120 ቀን 60 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። የኩሬው አፍ ሰፊ ስለ ሆነ ይህች 60 ሴንቲ ሜትር 53 ሜትር ኩብ ውሃ ትይዛለች፤ ይኸውም የጠቅላላው ሲሶ ነው። 53 ሜትር ኩብ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 2650 ጀሪካን ይሆናል። በቀን 5 ጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ የ530 ቀን ውሃ ማለት ነው። ልብ ማለት የሚገባን፥ ይህ ሁሉ ውሃ የሚጠፋው በፕላስቲኩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ሳትኖር ነው። ፕላስቲኩ ከታች ወደ መሬት የሚሰርገውን ይከለክላል እንጂ ወደ ሰማይ የሚሄደውን አይከለክልም።

ፀሐዩ ፕላስቲኩንም አይምረውም። ከውሃው በላይ የቀረው የፕላስቲክ ክፍል ዘወትር ለፀሐይ ስለሚጋለጥ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነጩ ይልቅ ቢጸናም እርሱም ዘለዓለማዊ አይደለም። አይጥ ይበሳዋል፤ የከብት ሰኮና ይቀደዋል። የተቀደደውን የሚጣብቅ ባለሙያና መጣበቂያው በቅርብ ካልተገኙ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ 78 ቀን የተደከመበትን ጉድጓድ ከንቱ ታደርገዋለች።

ስለ ጤናና ስለ ሕይወትም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በሞቃት ቦታ የወባ ትንኝ በተኛ ውሃ ላይ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ትንኝ ይወጣል። እ. ኤ. አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ ከአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባው መጠን ራቅ ብለው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው በግድብ ላይ እንጂ በቤተሰብ ኩሬ ላይ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ክዳን የሌለውን ውሃ ከመኝታ ቤት 20 እርምጃ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። ደግሞም እርጥብ ፕላስቲክ ያዳልጣል። ከዚያ ጎን ላይ የተንሸራተተ ሕፃን፥ ጥጃም ቢሆን፥ የሚይዘው ነገር አያገኝም። አጥርና ወደ ውስጥ የተዘረጋ ባለ ቋጠሮ ገመድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ነገር ግን በዋጋው ዝርዝር ውስጥ ስለማይገቡ ሳይሠሩ ይቀራሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ይኸውም ከኩሬው የተጠቀሙ ሰዎች አሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ በኩሬያቸው ሽንኩርትና በርበሬ ያለሙ፥ የጌሾና የፍራፍሬ ችግኝ ያጸደቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ዳሩ ግን ይህ ሐሳባችንን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። ኩሬው ለሁለተኛ ክረምት አይበቃም። ከላይ ባየነው ምሳሌ ከ120 ቀን በኋላ የሚተርፈው 103 ሜትር ኩብ፥ 400 ሚሊ ሜትር ውሃ ለሚፈልግ ሰብል ቢሰጥ፥ 250 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ያጠጣል። ነገር ግን ክረምቱ ቀድሞ በወጣ ጊዜ ውሃው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቢፈስ፥ ትነቱ 15 ሜትር ኩብ ያህል ወስዶ በቀረው 141 ሜትር ኩብ 1400 ካሬ ሜትር መሬት 100 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ሊደርቅ የነበረውም እህል ፍሬ ይይዛል። ይህም ውሃ 7050 ጀሪካን ስለ ሆነ በባልዲ አይወጣም። እንግዲህ ፔዳል ፓምፕ ወይም ሌላ ማውጫ ከኩሬው ተነጥሎ የሚታይ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የኩሬው አካል ነው።

ለመጠጥና ለቤት ሥራ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በቻይና በጋንሱ ክፍለ ሀገር እ. ኤ. አ. ከ1995 ጀምሮ የተካሄደው ሥራ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የዝናብ መሰብሰቢያ ሜዳ፥ ሁለት ማጠራቀሚያና አንድ የሚለማ መሬት የሚል ነበር። ማጠራቀሚያዎቹም ከመሬት በታች ያሉና አፋቸው ጠባብ ናቸው። እኛም ከዚህ ልንማር የሚገባን የሲሚንቶውን አሠራር ሳይሆን ለቤትና ለእርሻ የሚሆነውን ውሃ መለየትንና አፍን መክደንን ነው።

ለምሳሌ 3 ሜትር በ3 ሜትር፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 18 ሜትር ኩብ፥ ማለት 900 ጀሪካን ይይዛል፤ በቀን 5 ለሚቀዳ ቤተሰብ 180 ቀን ይበቃል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ክረምቱ 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበትና ሲሶ ሳይሆን አምስተኛው ቢባክን 19 ሜትር ኩብ ስለሚሰጥ ይህን ይሞላል። ቁፋሮው 9 ቀን፥ ፕላስቲኩም 8 ሜትር በ8 ሜትር፥ ማለት 64 ካሬ ሜትር ነው፤ የትልቁ ሲሶ ብቻ። አፉ በአጠናና በቆርቆሮ ሲከደን ፀሐዩ አይደርስበትም፤ መቅጃው በወንፊት ከተዘጋ ትንኝ አይገባም፤ ሕፃንም አይወድቅበትም። አፈሩ የሚናድ ከሆነ ጎኑን በድንጋይ መካብ ያስፈልጋል፤ ውሃውም ከመጠጣቱ በፊት ይፈላ። ክዳኑ ወጪ ይጨምራል የሚሉ ቢኖሩ፥ ከሁለት ሦስተኛው ፕላስቲክና ከ69ኙ የቁፋሮ ቀን የተረፈው ክዳኑን አይገዛምን? ብለን እንጠይቃለን።

ዘመቻው የኩሬውን ቁጥር በኮታ እየቆጠረ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ቆጠራው የተቆፈረውን እንጂ የተቀዳውን አልጠየቀም። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ የሚያጠኑ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን ወደ አንድ ኩሬ ሲሄዱ ስንት ብር ፈጀ ከማለታቸው በፊት፥ በሚያዝያ ስንት ጀሪካን ተቀዳበት፥ ሲቀደድስ ማን ይጠግነዋል ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ርካሽ ማለት በሚያዝያ ውሃ ያለበት ማለት ነው፤ በሚያዝያ የደረቀ ጉድጓድ ፕላስቲኩ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።