ከእዝባሩ ወዲህና ወዲያ

ማንቸስተር ሲቲንና በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ እኅት ክለቦቹን የሚያስተዳድረውን ኩባንያ ስም ወደ አማርኛ ልመልሰው ያለ ተርጓሚ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ቃል በቃል ከሄደ የሚያገኘው «የሲቲ የእግር ኳስ ቡድን» የሚል ነው። አማርኛ ሜዳ ላይ የሚሰለፉትን 11 ተጫዋቾች «ቡድን» ይላቸዋል፤ በአንድ ካዝና ሥር የተሰበሰቡ ኩባንያዎችንም እንዲሁ «ቡድን» ሊላቸው ይችላል። በዚህ የተነሣ ከማንቸስተር እስከ ሜልቦርን የተዘረጋው የክለቦች ስብስብ በአንድ ቃል ምክንያት አንድ ቡድን ሆኖ ያርፈዋል። ጠንቃቃ አርታዒ ስሕተቱን ያርመው ይሆናል። ነገር ግን አንዳንድ ስሕተት ከእርማቱ ይልቅ እውነት ይናገራል። ለመሆኑ አሥርና ከዚያ በላይ ክለቦች ያሉት ባለቤት፣ በልቡ የሚያውቀው ስንት ቡድን ነው?

ጥያቄው ለጅቡቲ ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ከሄሮን እስከ ባልባላ፣ ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው የኳስ ወዳጅ የአርሰናልንና የማንቸስተርን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ የሚኖርበትን አገር የሊግ ሰንጠረዥ ቢጠይቁት ግን ይደናገራል። በኖቬምበር 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሩቁ ወሬ ድንገት ደጃፍ ደረሰ። በአርሰናል መሐል ሜዳ የታወቀው፣ በ2013 ከባርሴሎና ጋር የስፔንን ሊግ ዋንጫ ያነሣው ካሜሩናዊ አሌክስ ሶንግ፣ ከዋና ከተማዋ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ በተቀመጠችው በአርታ ስም ለሚጠራው ክለብ ፈረመ። በዚያው ዓመት በማርች ወር የስዊዘርላንዱ ሲዮን በወረርሽኙ ምክንያት የቀረበላቸውን የደመወዝ ቅነሳ አልተቀበሉም ብሎ ካሰናበታቸው ተጫዋቾች አንዱ ነበር። በ2021 ሴኔጋላዊው አጥቂ ዲያፍራ ሳኮ ተከተለው። በ2022 ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው ኮትዲቯራዊ ሳሎሞን ካሉ መጣ። በ2021ም በ2022ም የጅቡቲ ዋንጫ ወደ አርታ ሄደ።

ወሬው በዓለም ዙሪያ ተነገረ። የተነገረው ግን ስለ ሦስቱ ሰዎች እንጂ ስለ ክለቡ አልነበረም። የሂስ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

እዝባሩ ምን ይላል?

የክለቡ ሙሉ ስም «አርታ/ሶላር 7» ነው። በጅቡቲ እንዲህ ያለ ስም እንግዳ አይደለም፤ «አሊ ሳቢየህ/ጅቡቲ ቴሌኮም» የሚባል ባለ ብዙ ዋንጫ ክለብም አለ። ከእዝባሩ በስተ ግራ ከተማው ይቆማል፤ በስተ ቀኝ ወጪውን የሚሸፍነው ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለችው ያች ዘንበል ያለች መስመር ምን ማለት እንደሆነች ግን ማንም ተርጉሞ አያውቅም። «እና» ናት? «ወይም» ናት? ወይስ «የእገሌ ንብረት የሆነው»?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ቅርብ ነው። መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መከላከያ፣ ኢትዮጵያ ቡና እየተባለ ሲጠራ የኖረ እግር ኳስ፣ ደመወዝ ከፋዩ ማን እንደሆነ ከስሙ ሲያስነብብ ኖሯል። ከዚህ አንጻር ሲታይ እዝባሩ ሐቀኛ ምልክት ነው። ከተማውን ሳይሰርዝ ከፋዩን ያሳያል።

በሌላው ዓለም የሆነው ከዚህ የከፋ ነውና። በ2005 ሬድ ቡል የኦስትሪያውን አውስትሪያ ሳልዝበርግ ሲገዛ፣ በ1933 የተመሠረተውን ክለብ ስም ለውጦ ሐምራዊና ነጭ መለያውን በራሱ ቀለማት ተካው። ለቀድሞው ቀለም የታመኑት ደጋፊዎች ወጥተው የቀድሞውን ስም የያዘ አዲስ ክለብ አቋቋሙና ከዝቅተኛው የሊግ እርከን እንደገና ጀመሩ። በ2014 የሲቲ ባለቤቶች የአውስትራሊያውን ሜልቦርን ኸርት ሲይዙ፣ ቀይና ነጩ ክለብ «ሜልቦርን ሲቲ» ተብሎ ሰማያዊ ለበሰ። በሁለቱም ዘንድ እዝባር የለም። ከግራ የነበረው ተፍቆ የቀኙ ብቻ ቀርቷል። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ይህን ሕመም ያውቀዋል፤ በ1935 የተመሠረተው ክለቡ በጣልያን ወረራ ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ተገዶ ነበር።

ይሁን እንጂ የእዝባሩ ሐቀኝነት ግማሽ ነው። ማን እንደሚከፍል ይናገራል፤ ማን እንደሚወስን አይናገርም። ከፋዩ ሲደክመው ወይም ዓላማው ሲለወጥ በግራ ያለው ስም ምን ይዞ እንደሚቀርም አይናገርም።

የውኃው አቅጣጫ

ስለ ሳኮና ስለ ካሉ ሲወራ ብዙ ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ሁለቱም ራሳቸው የባሕር ማዶ አጋርነት ፍሬዎች ናቸው።

ሳኮ ያደገው በሴኔጋሉ ዤኔራስዮን ፉት ነው። ይህ ማሠልጠኛ በ2003 ከፈረንሳዩ ሜስ ጋር ውል ገባ፤ ልጆቹ በዳካር አካባቢ ያድጋሉ፣ ሲጎለምሱ ወደ ሜስ ይሄዳሉ። ሳኮም ሜስን በ2014 ወደ ፈረንሳይ ቀዳሚ ሊግ ከመለሱት ጎል አግቢዎች ግንባር ቀደሙ ነበር፤ ከዚያም ወደ ዌስትሃም ተሻገረ። በዚሁ መንገድ ሳዲዮ ማኔም በ2011 ሜስ ደረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት የሬድ ቡሉ ሳልዝበርግ ወሰደው። ካሉ በበኩሉ የአቢጃኑ አሴክ ሚሞዛ ልጅ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ጊዩ በ1990ዎቹ ያቋቋመው የዚያ ክለብ አካዳሚ ያፈራቸው ታዳጊዎች በ1999 የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 አሸንፈው የአፍሪካን ሱፐር ካፕ ወስደዋል።

የሁለቱ አጋርነቶች ፍጻሜ ግን አንድ አይደለም። ዤኔራስዮን ፉት ስሙንም ሜዳውንም ይዞ ቆይቶ በ2017 እና በ2019 የሴኔጋል ሻምፒዮን ሆነ። ልጆቹን ወደ ውጭ እየላከ በአገሩም ዋንጫ ያነሣል። ጊዩ ግን ከአሴክ ጋር ተለያይቶ በ2001 ወደ ቤልጅጉ ቤቨረን ዞረ፤ ክለቡን እነ ያያ ቱሬንና ኢማኑኤል ኤቡዬን በመሳሰሉ የአቢጃን ልጆች ሞላው። ቤቨረን ለጥቂት ዓመታት አበበ። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲሸጡ ክለቡ ጠወለገ፤ በ2007 ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፣ በ2010 ደግሞ ከሌላ ክለብ ጋር ተዋሕዶ ራሱን የቻለ ሕልውናው አበቃ። መተላለፊያ የሆነ ድልድይ ተሻጋሪው ሲያልቅ ጠጋኝ እንደሚያጣው ነው።

አርታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ የሚያስደንቅ ነው። በሌሎቹ ዘንድ ውኃው ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ይወርዳል። በአርታ ዘንድ ግን አውሮፓን ዞሮ የደከመው ውኃ ወደ አፍሪካ ተመልሶ መጣ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ፍርዱ ግን ችኩል ይሆናል። ከሶንግ አጠገብ ቆሞ ልምምድ የሠራ የጅቡቲ ወጣት ኳስን መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ከማንም አሠልጣኝ ቃል ይልቅ በዓይኑ አይቶ ይማራል። ጥያቄው ያ ትምህርት በምን ተመዝግቦ፣ በማን ተይዞ ይቀራል የሚለው ነው። የሜስ አጋርነት ማሠልጠኛ ትቶ የሚሄድ ነው። የሦስት ታዋቂ ሰዎች ፊርማ ግን ፎቶግራፍ ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ያልለበሰው ማልያ

የባለ ብዙ ክለብ ባለቤትነት ጠባይ ፍንትው ብሎ የሚታየው በፈረንሳዩ ትሯ ነው። የሲቲ ባለቤቶች ትሯን በ2020 ገዙ። በ2022 ብራዚላዊው ሳቪኞ ከአትሌቲኮ ሚኔሮ ለትሯ ፈረመ። ለትሯ ግን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በውሰት ወደ ፒኤስቪ፣ ቀጥሎም ወደ እኅት ክለቡ ጂሮና ሄደ፤ በ2024 ማንቸስተር ሲቲ ገባ። እርሱ የተሰለፈበት ጂሮና በ2023/24 በስፔን ሊግ ሦስተኛ ሆኖ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲገባ፣ የወረቀት ክለቡ ትሯ በዚያው ዓመት ከሁለተኛው የፈረንሳይ ሊግ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ጨረሰ። ከመውረድ ያዳነው የራሱ ጉልበት ሳይሆን የቦርዶ መክሰር ነው።

ፍትሕ ለመናገር፣ የጂሮና ሰው አጋርነቱን ቢመርቅ እውነት አለው። የትሯ ሰው ቢረግምም እውነት አለው። ሁለቱ ደጋፊዎች አንድ ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ ግን ሁለት ልብ የለውም። ከልጆቹ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ለምን እንደራበ የሚጠይቀው የቤቱ ደጋፊ ብቻ ነው።

ለድሃ ሊግ ደግሞ ነገሩ ከስሜት ያለፈ የሂሳብ ጉዳይ አለው። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ለ12፣ ለ13፣ ለ14 እና ለ15 ዓመቱ የአምስቱ መቶኛ 5 በመቶ በየዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ደግሞ 10 በመቶ በየዓመቱ ይታሰባል። አንድን ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ ያሳደገ የድሬዳዋ ወይም የአሊ ሳቢየህ ክለብ ልጁ በ1 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ 25,000 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ለማንቸስተር ይህ ምንም ነው፤ ለአንድ የአገር ቤት ክለብ ግን የብዙ ልጆች ጫማና ኳስ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። የልጁ ምዝገባ በየዓመቱ በሰነድ መያዝ አለበት፤ ዝውውሩም ዋጋ ሊኖረው ይገባል። በእኅት ክለቦች መካከል ተጫዋች በነጻ እየተዘዋወረ ሲቆይ የዜሮ 5 በመቶ ያው ዜሮ ነው። «ቤተሰብ» የሚለው ማራኪ ቃል በዚህ ቦታ ላይ ሲመረመር፣ በቤተሰብ መካከል ሂሳብ አይጠየቅም ማለት እንዳይሆን ያሠጋል።

ሜዳው የት ነው?

ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁን 9 ቀን 2024፣ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫውተው 1 ለ 1 ተለያዩ። ባለሜዳዋ ጅቡቲ ነበረች። ጨዋታው የተካሄደው ግን በሞሮኮ፣ በአትላንቲክ ዳር በምትገኘው ኤል ጀዲዳ ነው። ዋና ከተሞቻቸውን 750 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ የሚያገናኛቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ሌላውን ለማስተናገድ አህጉሩን አቋርጠው በረሩ። የኢትዮጵያም ዕጣ ከዚህ አልተሻለም፤ በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ «በሜዳዋ» የተባለው ጨዋታ በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ደስታው በአዲስ አበባና በጅቡቲ ቤቶች በቴሌቪዥን ተከበረ።

ስለ ባሕር ማዶ አጋርነት የሚደረገው ውይይት ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት። ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ማቅረብ ላቃተው እግር ኳስ፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፍ የባለሀብት ስም ወይም በስተርጅና የሚመጣ ኮከብ ተጫዋች የመጀመሪያው ጉዳይ አይደለም። አጋር ነኝ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ስሙና ቀለሙ ይጠበቃል ወይ? ከከተማው ልጆች ስንቱ ይሠለጥናል? ልጁ ሲሸጥ ድርሻው በምን ሰነድ ይመለሳል? አጋሩ ሲሄድ ምን ይቀራል፤ ሣር፣ መብራት፣ መታጠቢያ ክፍል፣ የሠለጠነ አሠልጣኝ? እነዚህን በውሉ ላይ ያላሰፈረ ክለብ አጋር አላገኘም፤ ተከራይ አግኝቷል።

ባለቤት

አማርኛ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ለሦስት ነገር ይጠቀምበታል። ንብረት ያለው ሰው ባለቤት ነው። የትዳር ጓደኛም ባለቤት ናት፣ ወይም ነው። በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይባላል፤ ግሡም ከእርሱ ጋር ይስማማል።

የዘመኑ የክለብ ገዢዎች በመጀመሪያው ፍቺ ባለቤቶች ናቸው። ደጋፊው የሚመኘው ሁለተኛውን ነው፤ በክፉም በደግም አብሮ የሚቆየውን። የሚፈረድበት ግን ሦስተኛው ነው። በ2020 እና ከዚያ በኋላ ስለ አርታ በተጻፉት ዜናዎች ውስጥ ባለቤቱ ሶንግ ነበር፤ ሳኮ ነበር፤ ካሉ ነበር። «ሶንግ ፈረመ»፣ «ካሉ ደረሰ» ተባለ። አርታ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የመጣችው እንደ ቦታ ስም ነው።

በፈረንሳይኛ በጅቡቲ ክለቦች ስም ፊት የሚቀመጡት ሁለት ፊደላት ስፖርታዊ ማኅበር ማለት ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ራሱን የሚጠራው የስፖርት ማኅበር ብሎ ነው። ማኅበር ደግሞ አባላት የሚያዋጡበት፣ የሚመክሩበት፣ ተራ የሚወጡበት ነው እንጂ ከሩቅ የሚታይ ትርኢት አይደለም። «አርታ ልጅ አሳደገች፤ ለዓለምም ላከች» የሚል ዜና የተጻፈ ዕለት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይለወጣል። ያን ጊዜ ከእዝባሩ በስተ ቀኝ የማንም ስም ቢጻፍ የግራውን አያደበዝዘውም።