የምግብ ይዘት ሰንጠረዣችን ስለ ቆጮ፣ ጎደሬና ጓያ ምን ይነግረናል? — ሂሳዊ ቅኝት

በአገራችን አንድ የጤና ባለሙያ ስለ አመጋገብ ምክር ሲሰጥ፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ከምክሩ ጀርባ ኦግሬንና ጊብሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ይገኛል። የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትም በ1990ዎቹ መገባደጃ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል አክሎበታል። ይህ ጽሑፍ ሰንጠረዡን የሚመረምረው በተለይ ከጤፍ ውጭ ካሉት ዋነኛ ምግቦች አንጻር ነው። በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በዙሪያው ባሉ የቡና ከተሞች፣ በተለይ ገቢው አነስተኛ በሆነ ቤት፣ የዕለት ጉርሱ በቆሎ፣ ቆጮ ወይም ጎደሬ ነውና።

በቅድሚያ የሥራውን ዋጋ መመስከር ይገባል። አዘጋጆቹ ጥሬውን እህል ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ አብስሎ የሚመገበውንም ጭምር መርምረዋል፤ በዚህም ከውጭ አገር ሰንጠረዥ ቁጥር ከመበደር አድነውናል። ሆኖም የታተመ ቁጥር ሁሉ የመጨረሻ እውነት አለመሆኑን ራሱ ጤፍ አስተምሮናል። በጤፍ ውስጥ ተገኘ የተባለው ከፍተኛ የብረት ማዕድን ለረጅም ጊዜ መኩሪያችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣው የበስራትና የባልደረቦቹ ጥናት ግን አብዛኛው ብረት እህሉ በአውድማ ሲበራይ የተቀላቀለ የአፈር ብረት መሆኑን አሳየ። መለኪያው አልተሳሳተም፤ የተለካው ግን ጤፍና አፈር ነበር።

ወደ ቆጮ ስንመጣ፣ ሰንጠረዡ በቂ ኃይል ሰጪነቱን ያሳያል፤ ፕሮቲኑ ግን ከመቶ ግራም 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ትክክል ነው፤ ለባለሙያው ግን አይበቃውም። ቆጮ በጉድጓድ የሚቆየው እንደየቤቱ ከሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሲሆን፣ በሚቦካበት ጊዜ የውኃው መጠንና ማዕድናት በሰውነት እንዳይወሰዱ የሚያግደው ፋይቴት ይለወጣሉ። አንድ ነጠላ ቁጥር ይህን ሁሉ ሊወክል አይችልም። ከዚህም በላይ ቆጮ ብቻውን እንዲበላ የታሰበ ምግብ አይደለም፤ ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ከአይብ ወይም ከሥጋ ጋር የሚቀርብ ነው። ሕፃኑን የሚጎዳው ቆጮው ሳይሆን ማባያው ከገበታው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ እናቲቱን «ቆጮ አትስጪው» ማለት ስሕተት ነው፤ «ከምን ጋር ትሰጪዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሕክምና ነው።

ሌላው ችግር ሰንጠረዡን ከከብት መኖ ሰንጠረዦች ጋር ያለ ጥንቃቄ ማነጻጸር ነው። የመኖ ሊቃውንት የሚጽፉት በደረቅ ክብደት፣ የእኛው ሰንጠረዥ ግን በምግቡ እንዳለ ክብደት ነው። 70 ከመቶ ውኃ ባለው ሥር ውስጥ በደረቅ ክብደት 7 ግራም የተባለው ፕሮቲን በእርጥቡ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በሁለቱም ዘንድ ፕሮቲን የሚሰላው ናይትሮጅንን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6.25፣ በማባዛት ነው። የሚያመሰኳ ከብት ፕሮቲን ያልሆነውንም ናይትሮጅን በሆዱ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ይጠቀምበታል፤ ሰው ግን አይችልም። የእንሰት ቅጠል ከቆጮው የበለጠ ፕሮቲን ይዞ ለከብት መልካም መኖ መሆኑ ለሰው ልጅም ምግብ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት በጓያ ላይ ይታያል። ጓያ ለሰውም ለከብትም የሚዘራ፣ በድርቅ ጊዜ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚተርፍ ጥራጥሬ ነው። በፕሮቲን ዓምድ ከታየ ከምርጦቹ ይመደባል። ኦዳፕ የተባለው መርዙ ግን በ1968ቱ ሰንጠረዥ ዓምድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1976 በደምቢያ፣ በ1997 ደግሞ በደላንታ የተቀሰቀሰው የማይድን የእግር ሽባነት ይህ ዝምታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይመሰክራል። በደላንታ የተደረገው ጥናት እሸቱን በጥሬው፣ ቆሎውንና ንፍሮውን መብላት ለአደጋው የሚያጋልጥ መሆኑን፣ ከእህል ጋር ማደባለቅ ግን አደጋውን የሚቀንስ መሆኑን አመልክቷል። ጎደሬም በሚገባ ካልተቀቀለ በውስጡ ባለው ኦክሳሌት አፍና ጉሮሮን ያሳክካል፤ ይህንንም የጅማ እናቶች ከሰንጠረዡ በፊት ያውቁታል።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ይጣል አንልም። ወደፊት የሚታተመው ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ናሙናው ስንት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተዘጋጀ ሊገልጽ፣ ለፋይቴት፣ ለኦክሳሌትና ለኦዳፕም ዓምድ ሊከፍት ይገባል። እስከዚያው ድረስ ባልደረቦቻችን ቁጥሩን ለጥያቄ መነሻ እንጂ ለምክር መደምደሚያ እንዳያደርጉት እናሳስባለን። ምን ተበላ? ከምን ጋር? እንዴት ተሰናድቶ? ለስንት ወር? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በካርዱ ላይ የሚመዘግብ ባለሙያ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ ለታማሚው ገበታ የቀረበ ነው።