በሞርትሌክ የሚገኘው የድንጋይ ድንኳን

በለንደን ደቡብ ምዕራብ፥ በሞርትሌክ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፥ ከሌሎች መቃብሮች መካከል አንድ ድንኳን ተተክሎ ይታያል። ከፍታው 18 ጫማ ያህል ሲሆን የተሠራው ከድንጋይ ነው። በውስጡ ያረፉት በ1855 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ሐረር ገብቶ የወጣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተንና ባለቤቱ ኢዛቤል ናቸው።

የጠራቢው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። ሸራው ሲወጠርና ሲታጠፍ የሚታየው መልክ በድንጋዩ ላይ እንዳለ ተቀርጿል። በዙሪያው ጨረቃና ኮከብ ተቀርጸዋል፤ ከደጃፉ በላይ ግን ስቅለተ ክርስቶስ አለ። በውስጥ የግመል ቃጭል ተንጠልጥሏል። ከኋላ በተሠራው መሰላል የወጣ ሰው በመስታወት በኩል ሁለቱን ሣጥኖች ያያል፤ ተሸሽጎ መካንና ሐረርን ለማየት የተነሣው ሰው ራሱ መታያ ሆኗል።

ብዙዎች መቃብሩን የበርተን ጠባይ መግለጫ አድርገው ያነቡታል። ይህ ንባብ ግን ደራሲውን ይስታል። በርተን በ1890 በትሪየስተ ሲሞት ካህን አስጠርታ ምስጢረ ቀንዲል ያስፈጸመችለት ኢዛቤል ናት፤ በዚያ ሰዓት በሕይወት ስለ መኖሩ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። መቃብሩንም ያሠራችው እርሷ ናት። በድንኳን ጎን ለጎን መተኛትን የተመኘው ባሏ እንደ ነበር የምትመሰክረውም ራሷ ናት። በሕይወቱ ለየትኛውም ሃይማኖት በቀላሉ ያልተገዛ ሰው ከመስቀሉ ሥር የተቀመጠው በእርሷ እምነት ነው።

ዳሩ ግን ኢዛቤልን ሐሰተኛ ማለት አይገባም። ሁለቱ የተጋቡት በ1861 ነው፤ ከ1869 እስከ 1871 ቆንስል ሆኖ በደማስቆ ሲኖር እርሷም አብራው ነበረች፥ የምድረ በዳውንም ጉዞ ተካፍላለች። ድንኳኑ እርሷ የምታውቀው በርተን ነው። የሐረሩን አታውቀውም። ስለዚህ ሐውልቱ ምሥራቁን ሁሉ አንድ ምድረ በዳ ሲያደርገው፥ በርተን አሥር ቀን የተቀመጠባት፥ በግንብ የታጠረችው፥ ነጋዴና ሊቃውንት የሚኖሩባት ከተማ ምንም ስፍራ አላገኘችም። የዚያች ከተማ መግለጫ፥ የቋንቋዋም ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር የሚገኙት በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው።